የጨጓራው መድኃኒትና የአያ አላምረው ዓይን

ጎንደር፣ ማረሚያ ቤት
ሐምሌ 3 ቀን 2009 ዓ.ም.

ለምወድሽ እታለም ፈህሚያ፣ ገዳሪፍ

የአላህ ሰላም በአንቺና በልጆችሽ ላይ ይሁን። እኔ ከራሴ ቁጣ በቀር ደኅና ነኝ። ባልሽ ዐብዱልከሪም ወንድሞቹን ይዞ የአላምረውን ፋርማሲ ሊያቃጥል እንደተነሣ እማዬ ነግራኛለች። በአላህ ይሁንብሽ፣ ይህን እስከ መጨረሻው አንብበሽ ሳትጨርሺ ባልሽን አትልቀቂው።

አባባ የወደቀው በረመዳን ሃያኛው ቀን፣ ሱቃችን ውስጥ፣ ለደንበኛ ጨርቅ እየለካ ሳለ ነው። ከዚያ ወዲህ ቀኝ እጁም ምላሱም አልታዘዘውም። ሆስፒታል ስናደርሰው ሐኪሟ የሚወስደውን መድኃኒት ጠየቀችኝ። ኦሜፕራዞል፣ ያንን የጨጓራ አሲድ የሚቀንሰውን፣ ስምንት ዓመት አልኳት።

«ለሁለት ወር የታዘዘ ነበር እኮ! በዕድሜ የገፉ ሰዎች ለዓመታት ሲወስዱት ለስትሮክ ያጋልጥ ይሆናል የሚሉ ጥናቶች አሉ፤ የማይስማሙም አሉ። አባትህ የደም ግፊትም አለባቸው። ያመጣው ይህ ነው ማለት አልችልም» አለችኝ።

እኔ የሰማሁት «ያጋልጥ» የምትለዋን ብቻ ነው። ሱቅ ገብቼ የጨርቅ መለኪያውን ብረት ሜትር አነሣሁና ቀጥታ ማራኪ ሰፈር፣ ፋርማሲው ሄድኩ። አያ አላምረው ባንኮኒው ላይ ጎንበስ ብሎ ይጽፍ ነበር። «ምነው አብዱልባሲጥ፣ ሐጂ ደኅና አይደሉም?» ብሎ ሳይጨርስ አገጩን አልኩት። ሲወድቅ ደገምኩት። መደርደሪያውን ገለበጥኩበት፤ መስታወቱ ፊቱ ላይ ረገፈ። «ኧረ ስለ እመቤቴ!» እያለ በክንዱ ሲከላከል ክንዱን መታሁት። ሲሰበር ሰማሁ፤ እውነቱን ልንገርሽ፣ ደስ አለኝ። በመጨረሻው ምት ግራ ዓይኑ ፈሰሰ። ለዒድ ከቤታችን ቀርቶ የማያውቅ ሰው!

እማዬ ልትጠይቀኝ ስትመጣ ስንቁን አቀበለችኝና «አህያውን ፈርቶ ዳውላውን» ብላኝ ሄደች። በጣም ተናደድኩባት።

አባባን ታውቂዋለሽ። ሆዱ እሳት ሆኖ እንኳ ጾም አይፈታም። «ሐኪም ካየኝ አትጹም ይለኛል» እያለ ሁለተኛ ምርመራ እምቢ አለ። በየወሩ ፋርማሲ የምሄድለት እኔ ነበርኩ።

ባለፈው ሐሙስ ችሎት ቀረብን። አባባን በተሽከርካሪ ወንበር አምጥተውት ነበር፤ አይናገርም እንጂ ሁሉን ይሰማል። ዳኛው አላምረውን ያለ ማዘዣ ለምን እንደሸጠ ጠየቁት።

«ሐኪሙ ቀጥሉ ብሏል ተብዬ ነው» አለ።

«ማን ነው ያለዎት?»

በቀረችው ዓይኑ እኔን አየ፤ ቀጥሎ አባባን አየ። «አላስታውስም፣ ጌታዬ።»

እኔ አስታውሳለሁ፣ እታለም። «ሐጂን እንደገና አሳዩአቸው፣ ይህ ዝም ተብሎ የሚዋጥ አይደለም» ብሎ ሁለቴ ባዶ እጄን መልሶኛል። በሦስተኛው «አሳይተናቸዋል፤ ሐኪሙ ቀጥሉ ብሏል» አልኩት። አምኖ ሰጠኝ። አባባ ይህን ውሸቴን አያውቅም። አላምረው ጥፋቱን በራሱ ላይ የጠቀለለው አባባ እዚያ ቁጭ ብሎ እንዳይሰማው ነው። አፈርኩ። እንዲህ አፍሬ አላውቅም።

አላህ ልጆችሽን እንደ እኔ ካለ ቁጣ ይጠብቅልሽ። ይህን ለዐብዱልከሪም ድምፅሽን ከፍ አድርገሽ አንብቢለት። ከዚያ በኋላም እጁን ካሳከከው ማራኪ ድረስ አይልፋ። የእኛ የመጠየቂያ ቀን ቅዳሜ ነው።

ወንድምሽ አብዱልባሲጥ አሊ