ያልተቀመቀመው ጉርድ

ይድረስ ለታናሽ እህቴ፤

ሰላምታዬ ካለሽበት ይድረስሽ። ጤናሽ እንዴት ነው? ይህን የምጠይቅሽ ደብዳቤ በዚህ ይጀመራል ስለተባልኩ ሳይሆን መልሱን ስለምፈልገው ነው። እኔ ደህና ነኝ። ጉልበቴ ደረጃ ይጠላል፣ ዓይኔም የመርፌ ቀዳዳ ሲያይ ይለግማል እንጂ እጄ እንደ ድሮው ነው። ምላሴም እንደ ድሮው ነው፤ እሱን ልጅሽ ሳትነግርሽ አትቀርም።

ይህን የምጽፈው ራሴ ነኝ። ፊደሌ ቢጣመም ሳቂ፣ ፈቅጄልሻለሁ። ያን ቀን ሻንጣሽን አንጠልጥለሽ በራፋችን ላይ ቆመሽ፣ ደብዳቤ ላኪልኝ ብልሽ፣ ማን ያነብልሻል ብለሽኝ ሄድሽ። ቀልደሽ ይሆናል። ሻንጣው ካንቺ ጋር ሄደ፣ ቀልዱ ግን እኔ ዘንድ ቀረ። ፀጉሬ ከሸበተ በኋላ የጎልማሶች ትምህርት ገብቼ፣ ልጆቼ ሊሆኑ ከሚችሉ ሰዎች ጋር አንድ አግዳሚ ላይ ተቀምጬ ፊደል ቆጠርኩ። መምህሩ፣ እማማ ምን አነሳሳዎት ቢለኝ፣ እልህ አልኩት። ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። እኔ ግን የምሬን ነበር። ማንበብ እንዲህ ተማርኩ፤ መርሳት የሚያስተምር ግን አላገኘሁም።

ልጅሽ የመጣችው ከሰዓት በኋላ ነው። በዚያ ሰዓት ፀሐይ በመስኮቴ ገብታ በተሰቀሉት ልብሶች መሃል ትንሸራሸራለች። ብናኙ ይንሳፈፋል፤ የስፌት መኪናዬ ዝም ስትል ክፍሉ ከውሃ ሥር ያለ ይመስላል። ቀና ስል በሩ ላይ አንቺ ቆመሻል። አንቺው፣ እንደሄድሽበት ቀን፣ ያው አንገት፣ ያው ዘንበል ያለ ትከሻ። ዓመታቱ ሁሉ የእንቅልፍ ሽልብታ የነበሩ፣ አንቺም ጎረቤት ደርሰሽ የተመለስሽ መሰለኝ። ምነው ቆየሽ ልልሽ አፌን ስከፍት፣ ልጅቷ፣ እታለም ማለት እርስዎ ነዎት ወይ አለችኝ።

እታለም። ካንቺ ሌላ በዚህ ስም የጠራኝ የለም። ከሄድሽ ወዲህ ለሰው ሁሉ ሰፊዋ ነኝ።

ምን ፈለግሽ አልኳት፣ እንደ ማንኛዋም ደንበኛ። ከቦርሳዋ አውጥታ ጠረጴዛዬ ላይ ዘረጋችው። ጉርዴን።

ዓይኔ ሳይደርስበት እጄ አወቀው። ዝናብ ያረገዘ ሰማይ የሚመስለው ሰማያዊ ጨርቅ ሳስቶ የሽንኩርት ልጣጭ ሆኗል። የወገቡ ስፌት የኔ ነው፤ ጥቅጥቅ ያለ። የጠርዙ ግን ያንቺ ነው፤ ዶሮ የጫረው ይመስላል። በሰው ልብስ ላይ ጎንበስ ብዬ ኖሬ፣ ለራሴ ብዬ የቆረጥኩት የመጀመሪያ ልብስ እሱ ነበር። ከወገብ ጠበብ፣ ወደ ታች እየሰፋ የሚሄድ፣ ከጉልበት አልፎ ባት መሃል የሚቆም ክሎሽ። ሰፍቼ ምስማር ላይ ሰቀልኩት። ክሎሽ እንደተሰፋ አይቀመቀምማ! ክብ ሆኖ ስለሚቆረጥ ከፊሉ በክሩ አቅጣጫ ይወርዳል፣ ከፊሉ በሰያፍ። በሰያፍ የወረደው በገዛ ክብደቱ እየተሳበ ይረዝማል። ስለዚህ እስኪረጋ ይሰቀላል። ከዚያ ለባሿ ለብሳው፣ ሰፊዋ እግሯ ሥር ተንበርክካ፣ ከወለሉ ወደ ላይ እየለካች ጠርዙን ታስተካክላለች። አንቺ ግን ከምስማሩ አውርደሽ፣ ሳይረጋ፣ እንደ ትራስ ልብስ ዙሪያውን አጥፈሽ ሰፋሽውና ለብሰሽው ሄድሽ። ይኸው ጎንና ጎኑ እንደ ውሻ ጆሮ ተንጠልጥሎ መጣልኝ። መውሰድሽ አናዶኛል፣ አልዋሽም። ይበልጥ ያናደደኝ ግን ያለ እኔ መቀምቀምሽ ነው።

ልጅሽ ታወራለች። ቢሮ ስትገቢ ይህንኑ ትለብሺ እንደነበር፣ ጎረቤታችሁ ያለው ሰፊ ጠርዙን ላስተካክልልሽ ባለሽ ቁጥር፣ እሱን የምትጨርሰው እህቴ ናት ትይው እንደነበር ነገረችኝ። ሕፃን ሳለች ከሥሩ ገብታ ትደበቅ ነበር አሉ። ከውስጥ ሆና ስታይ መንገዱም፣ ሰዉም፣ ፀሐይዋም ሰማያዊ ነበሩ። ጉርዱን አንስቼ በመስኮቱ ብርሃን ትይዩ ያዝኩት። እውነቷን ነው።

ታዲያ ለምን ራሷ አልመጣችም አልኳት። ታፍራለች አለች። ትፈር አልኳት።

ይህ አልቋል፣ በዚሁ ዓይነት አዲስ ይስፉላት አለችኝ። አልሰፋም፣ አገሩ ሁሉ ልብስ ሰፊ ነው፣ ሂጂ ሌላ ፈልጊ አልኳት። ቅር ያላት እንዳይመስልሽ። እናቴ፣ መጀመሪያ እምቢ ትልሻለች፣ ከዚያ ሜትሯን ታነሳለች ብላኛለች አለች። ዝቅ ብዬ ሳይ ለካ ሜትሩ እጄ ላይ ነው። ከሳቅና ከንዴት የትኛው እንደቀደመኝ አላውቅም።

ልክሽን በቃሏ ይዛዋለች። የወገብሽን ስትነግረኝ ተሳስተሻል፣ ይህ የሕፃን ልጅ ወገብ ነው አልኳት። አልተሳሳትኩም አለች፣ ፊቷን ወደ በሩ መልሳ። ቁመቱን ደግሞ ለሁለት ከፍላ ነገረችኝ፤ ከወገብ እስከ ጉልበት፣ ከጉልበት እስከ ባት። ቁመት ለሁለት ተከፍሎ የሚለካው ለማን እንደሆነ ሰፊ አያጣውም። ጠመኔዬን ቀረጽኩ።

እንግዲህ ጉርድሽን ልንገርሽ። ቀለሙ ያው ነው፤ ጨርቁ ግን ለስላሳ ነው፣ ሲለቁት እንደ ውሃ ይፈሳል። ሙሉ ክብ አላደረግኩትም። ከሥርሽ ታጭቆ እንዳይቆረቁርሽ ከኋላ ቀለል አድርጌ፣ ስፋቱን ለፊትና ለጎን ሰጠሁት፤ በምትውዪበት ወንበር ግራና ቀኝ እንደ ክንፍ ይወርዳል። ዚፕ የለውም፣ ጀርባሽን ይወጋሻል። ወገቡ ከፊት ልሙጥ ነው፣ ከኋላ ላስቲክ አስገብቼበታለሁ፤ ስትወፍሪ ይከተልሻል። ትወፍሪያለሽ። ከፊት በኩል ትንሽ አስረዝሜዋለሁ፣ የታጠፈ ጉልበት ጨርቅ ይስባልና። ገበሩ ስስ ጥጥ ነው። ጥልቅ ኪስ አለው፣ እጅሽን ድሮም ይበርድሽ ነበር።

አለባበሱንም ስሚኝ፤ አንቺ መልበስ እንጂ ማስማማት አልተሰጠሽም። ሰፊ ሹራብ እንዳትደርቢበት። ከታች የሰፋ ከላይ ይጠባል፣ አለዚያ ድንኳን ትሆኛለሽ። ነጭ ሸሚዝሽን ወገቡ ውስጥ ክተቺ፣ እጅጌሽን እስከ ክርንሽ ጠቅልይ። ቀበቶ ካማረሽ ቀጭን ይሁን። ጫማሽ ከቁርጭምጭሚት በታች የሚቀር፣ ፊቱ ሾል ያለ ይሁን፤ እግር ያረዝማል። መቼ ልራመድበት ነው እንዳትዪኝ። ጫማ ለመራመድ ብቻ አይደረግም።

አሁን መስኮቱ አጠገብ ተሰቅሏል። ነፋስ ሲገባ ይሞላል፤ ያኔ ሴት የለበሰችው ይመስላል፣ ልትዞር ትንሽ የቀራት ሴት። ትናንት የስፌት መኪናዬ ላይ ሸለብ ሲያደርገኝ፣ ከመስቀያው ወርዶ በመንገዱ መሃል ሲሄድ አየሁት። ወገብ የለው፣ እግር የለው፣ ጨርቁ ብቻ እየተወዛወዘ። ጠመኔ ይዤ ተከተልኩ። ቆይ፣ ልለካሽ እያልኩ እሮጣለሁ፤ ጉልበቴ አላመመኝም። መታጠፊያው ላይ ስደርስ ጠርዙ ብቻ ታየኝ፣ ሰማያዊ፣ እሱም ወዲያው ተሰወረ። ስነቃ ጉርዱ ቦታው ላይ ነበር። ተነስቼ ጫፉን ያዝኩት፤ ለምን እንደያዝኩት እንጃ።

ልጅሽ ይህን ደብዳቤ ይዛ ትቅደመኝ። ጉርዱን አልሰጠኋትም። ሳይቀመቀምም ቢሆን ስጪኝ፣ ይቸኩላል እታለም ብላ ለመነችኝ። ለምን እንደሚቸኩል አልጠየቅኳትም። ሳይረጋ ከዚህ ቤት ጉርድ አይወጣም፣ አንዴ ወጥቶ አይቻለሁ አልኳት። ግን ቶሎ እንዲረጋ ጠርዙ ላይ የልብስ መቆንጠጫ ሁሉ ደርድሬ አንጠልጥዬበታለሁ። በሕይወቴ ጨርቅ ሳስቸኩል ይህ የመጀመሪያዬ ነው።

እንደረጋ በመጀመሪያው አውቶቡስ እመጣለሁ። ስፒሉን፣ ጠመኔውን፣ ማስመሪያውን ይዣለሁ። አንቺ መቆም የለብሽም። እኔ ወለሉ ላይ እግርሽ ሥር እቀመጣለሁ። ለጉልበቴ አታስቢ፤ የሚጠላው ደረጃን ነው እንጂ አንቺን አይደለም። አሮጌውንም አመጣዋለሁ። ስፌትሽን ፈትቼ እሱንም እጨርሰዋለሁ። እስካሁን የተሰቀለው ይበቃዋል።

ፈጣሪ ብርታት ይስጥሽ፤ እንቅልፍሽን ያጣፍጥልሽ፤ ልጅሽን ያሳድግልሽ፣ ምላሷ ወደ እኔ ቢያደላም። ዓይንሽ ከደከመ ይህን እሷ ታንብብልሽ። ማን ያነብልሻል አልልሽም።

አንድ ነገር ብቻ አደራ። እንደ ልማድሽ፣ እኔ ሳልደርስ እንዳትሄጂ።

እታለምሽ