ሠላሳ አንድ ዓመት የሣልኩት ገደል

ውድ ተናኘ፣

ይህን ደብዳቤ የምታነብልሽ ልጃችን ማርቲ ናት። ማርቲዬ፣ ከታች የሚያሳፍረኝ ቦታ አለ፤ እንዳለ አንብቢላት፣ አንድም መስመር እንዳታልፊ።

ስኳሩ ዓይንሽን ከወሰደው ወዲህ የኛ ቤት አራተኛ ፎቅ ስለሆነ ጀሞ ማርቲ ዘንድ ምድር ቤት መኖር ይሻልሻል ተባለ። ተስማማሁ፤ ጎፋ ብቻዬን ቀረሁ። ባለፈው እሑድ ልጠይቅሽ ስመጣ እጄን ያዝሽና፣ "እንግዲህ እኔ አላየውም። አንተ ተማሪ ሆነህ አይተኸዋልና የአዋሽን ገደል ንገረኝ" አልሽኝ። ነገርኩሽ። ከታች ጥቁሩ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ፣ በላዩ ነጣ ያለው አመድ፣ እንደገና ጥቁር ድንጋይ፣ መሐሉን ወንዙ ቆርጦት ሲያልፍ። ሠላሳ አንድ ዓመት ሳስተምር በቀለም ጠመኔ ሰሌዳ ላይ እሥለው እንደነበረው በቅደም ተከተል። ስጨርስ፣ "መኩሪያ፣ ያምራል ወይ ነው ያልኩህ" አልሽ።

ገደሉን አይቼው አላውቅም ነበር።

ኮሌጅ ሳለሁ ጓደኞቼ ሊያዩት ሲሄዱ እኔን ታይፎይድ ይዞኝ ዶርም ተኝቼ ነበር። ስንተጫጭ "ሄጄ ነበር" አልኩሽ። አንቺ ደስ አለሽ፤ እኔም ቃሌን መመለስ አቃተኝ። ውሰደኝ ባልሽ ቁጥር ክረምት ነው፣ ፈተና አርማለሁ፣ ጡረታ ልውጣና እያልኩ ያዘገየሁት መንገዱን አለማወቄን እንዳታውቂብኝ ነው። ከተማሪ የግምት መልስ ተቀብዬ የማላውቅ ሰው።

ሐሙስ ዕለት የቡታጅራ መኪና ይዤ ገደሉ ያለበት መልካ ቁንጥሬ ወረድኩ። ካለሽበት ሁለት ሰዓት እንኳ አይሞላም፣ ተናኘ። አቶ ቀጄላ የሚባሉ የአገሩ ገበሬ መርተው አፋፉ ላይ አቆሙኝ።

"መምህር፣ የመጀመሪያዎ ነው?"

"አዎ" አልኩ።

ሳቁብኝ። "እዚሁ ደጃችን ሆነው? ገደሉ እኮ የትም አልሄደም።"

ላንቺ ዕድሜዬን ሙሉ ያላልኩት ቃል ለማላውቀው ሰው እንዲህ ቀለለኝ።

ሥዕሌ ስህተት ነበር። ወንዙን በሰማያዊ አቀልመው ነበር፤ ወተት የነካው ሻይ ነው የሚመስለው። ግድግዳውን በማስመሪያ ቀጥ አደርገው ነበር፤ ውሃው ግን አመዱን ሰርስሮ ብዙ ጉያ አውጥቶለታል። ጥቁሩ ድንጋይ እንደተደረደረ ምሰሶ ቆሟል፣ በየስንጥቁ ሣር በቅሎበታል። ደግሞ ጭልፊቶቹ። ከእግሬ በታች ይበሩ ነበር። እስከዛሬ ወፍ ሲበር ያየሁት ሆዱን ነው፤ ያን ቀን ጀርባቸውን አየሁ፣ ፀሐይ ያረፈበትን። "ተናኘ፣ እዪማ" ብዬ ወደ ጎን ዞርኩ። የቆሙት አቶ ቀጄላ ናቸው።

ዓይን ኖሮሽ ሳለ ይህ ሁሉ እዚያው ነበር። የማደርገው ነገር ፈልጌ አጣሁ። ይህን ከመጻፍ በቀር ምንም አላገኘሁም።

እሑድ እመጣለሁ። ብትቆጪም፣ ዝም ብትይም እቀመጣለሁ። የማላውቀውን ስትጠይቂኝ ከእንግዲህ አላውቅም እላለሁ። የዚያን ቀን የጠየቅሽኝን ግን አሁን አውቀዋለሁ።

ያምራል፣ ተናኘ። በጣም ያምራል።

መኩሪያ
ከጎፋ