ሸክላውን የሚገለብጠው ሰው

ጉለሌ፣ የካቲት 1978 ዓ.ም.

ለምወድሽ እናቴ፣

እንደምን ሰነበትሽልኝ? ጉልበትሽን ተሻለሽ ወይ? ያቺ ግራ እግርሽ በብርድ ታስቸግርሻለችና ሌሊት ሳትሸፍኛት እንዳትተኚ። አክስቴ አፀደ ደህና ናት፤ ስትስቅም ስትቆጣም ድምጿ ሽሮ ሜዳ ድረስ ይሰማል። እኔም ተመስገን፣ ከሳሌ በቀር ደህና ነኝ። የላክሽው በሶና ማር ደርሶኛል፤ ማሩን አክስቴ ለሳሉ ነው እያለች በማንኪያ ትሰፍርልኛለች፣ ራሷ ግን ሳትሰፍር ትልሳለች። ይህን ደብዳቤ ለፖስታ አላመንኩትም። ሹፌሩ ስብሐት ጋቢናው ውስጥ ደብቆ በገዛ እጁ ያደርስልሻል። ስለዚህ እንደ ልቤ ነው የምጽፍልሽ።

በስብሐት አፍ፣ «እህቴን ምን ነካት? በዚህ ዕድሜዋ የዘፈን ዕቃ ገዝታ ሰፈሩን ታስጨፍራለች አሉኝ፤ የባሏ አጥንት አያርፍም?» ብለሽ ልከሻል። ወሬው ደብረ ማርቆስ መድረሱ አይገርምም፤ ወሬ የመኪና አይከፍልም። አክስቴ ይህን ስትሰማ ሆዷን ይዛ ሳቀች፣ ቆይታ ደግሞ አለቀሰች። አትቀየሚያት። ዘፈኑ የእኔ ነው።

ቀበሌው ለብሔራዊ ውትድርና ስሜን በጠራ ጊዜ አክስቴ «ወደ እናቱ ሄዷል» ብላ እንደሸኘቻቸው ታውቂያለሽ። ከዚያ ወዲህ ከቤቷ ወጥቼ አላውቅም። ከሳሎኑ ጀርባ ያለችውን ጓዳ በጣውላ ከልላ፣ ፊቷ ላይ ቁም ሳጥን አቁማ፣ እዚያ ውስጥ ነው ያስቀመጠችኝ። እግሬን ልዘርጋ ብል ግድግዳ ነው፤ ልቁም ብል ጣራው ያጎነብሰኛል። መንጋቱን የማውቀው በጣውላው ስንጥቅ ነው። ይህን ሁሉ ያስቻሉኝ ሸማኔዎቹ ነበሩ። በረንዳውን የተከራዩት ሸማኔዎች ቀኑን ሙሉ ሲሸምኑ፣ የዕቃቸው ኳኳታ ሳሌን ይሸፍነው ነበር። መስከረም ላይ በማኅበር ተደራጁ ተባሉና ዕቃቸውን ነቅለው ወደ ማኅበሩ አዳራሽ ሄዱ። ቤቱ ጭር አለ።

የሚያስፈራው ደግሞ ጎረቤታችን ቶሎሳ ነው። የቀበሌው አብዮት ጠባቂ ነው፤ ግድግዳችንም አንድ ነው። እሱ ወንበሩን ሲስብ እኔ ጆሮ ውስጥ ይሰማል። ሳሌ ሲመጣ ትራስ ነክሼ፣ ዓይኔ እንባ እስኪሞላ አምቄ እይዘዋለሁ። ሬዲዮ ክፈቱ ትይ ይሆናል። ሬዲዮው ጠዋት ለፍልፎ ጣቢያው ሲዘጋ ዝም ይላል፤ የእኔ ሳል ደግሞ ከጣቢያው ጋር አይዘጋም።

አንድ ቀን አክስቴ መርካቶ ውላ ስትመለስ፣ ሰው ሁሉ ወደ ካሴት ስለዞረ ሸክላና ማጫወቻው ረክሷል የሚል ወሬ ይዛ መጣች። እናቴ፣ ልጅሽ ስለ ዘፈን ዕቃ የሚያውቀው ሌላ ሰው ሲከፍት መስማት ብቻ ነበር። ሄጄ ማየት አልችል። አክስቴ ትሄዳለች፣ ታያለች፣ ማታ በስንጥቁ በኩል ትነግረኛለች፤ እኔ ጨለማ ውስጥ ተቀምጬ እመርጣለሁ። ሻጩ ሸፊ የሚባል ሽማግሌ ነው፤ ሦስት ዓይነት አሳያት። አንደኛው እንደ ቡፌ የቆመ፣ ሬዲዮም ማጫወቻም ባንድ ላይ ያለው። ሁለተኛው ማጫወቻው ለብቻ፣ ማጉያው ለብቻ፣ ሁለት ትልልቅ ስፒከሮች በሽቦ የሚያያዙበት። ሦስተኛው ልክ እንደ ሻንጣ የሚዘጋ፣ ስፒከሩ ክዳኑ ላይ ያለ።

አክስቴ ቡፌው ላይ ወደቀች። ስለ ድምፁ ስጠይቃት ብርጭቆ እንደሚደረደርበት ነበር የምትነግረኝ። እኔ ደግሞ ጥያቄ አስይዤ መልሼ እልካታለሁ፤ ሳህኑ ሲዞር ይንገዳገዳል ወይ? መርፌው አዲስ ነው ወይ? ድምፁ ምን ያህል ይሄዳል? ሸፊ ታግሦ አስረዳት። ለጀማሪ ዋናው ነገር መርፌው ነው፣ ያረጀ መርፌ ሸክላውን እንደ ማረሻ ያርሰዋል አላት። ሳህኑን በባዶው አዙሪው፣ ከተንቀጠቀጠ አትግዢው አላት። መርፌው እንዳይዘል ብሎ ክንዱ ላይ ሳንቲም የለጠፈ ሻጭ ካየሽ ጥለሽው ሂጂ ብሎም መከራት። ሁለቱን ስፒከሮች እኔ ተውኳቸው፤ ሽቦውን የሚያገናኝ ሰው ቤት ማስገባት ሊኖርብን ነው። ቡፌውንም በውድነቱ ተውኩት። ሻንጣውን መረጥኩ። ርካሽ ነው፣ ቀላል ነው፣ ሰው ከመጣም ዘግተን አልጋ ሥር እናስገባዋለን ብዬ። ምን ያለሁ ብልህ ነኝ!

ከቁም ሳጥኑ ጎን በርጩማ ላይ አስቀመጥነው፤ ከጓዳው ሳልወጣ እጄን በክፍተቱ ሰድጄ እደርስበታለሁ። መጀመሪያ ወለሉ ወጣ ገባ ስለሆነ መርፌው እየተንሸራተተ አስቸገረኝ፤ በርጩማው እግር ሥር ካርቶን አጥፈን ስናስገባ ቀጥ አለ። ሸፊ ማንም የማይገዛቸውን የሱዳንና የህንድ ሸክላዎች በምርቃት ሰጥቷት ነበር። አንድ ፊት ሲያልቅ በዳሰሳ እገለብጣለሁ። ከበሮው የቱ ጋ እንደሚበረታ ስለማውቅ ሳሌን እስከዚያ አቆየዋለሁ። እውነቱን ልንገርሽ፣ ደስ አለኝ። ቃሉን ሳላውቅ አንዲት ህንዳዊት ስትዘፍን አለቅሳለሁ፤ ያንን ሁሉ ጊዜ ሳላለቅስ ቆይቼ።

እንግዲህ ሳይቸግረን ጤፍ ብድር ሆነ። በእኛ ሰፈር እጀታ ያለው ዕቃ የማን እንደሆነ ታውቂያለሽ፤ የሁሉም ነው። ድስትና ወንበር እየተዋዋሰ የኖረ ሰው ማጫወቻን ለይቶ አይተውም። መጀመሪያ ከታች ሰፈር ያለችው ወይዘሮ የሺ ለልጇ ቀለበት ወሰደችው። የለም ማለት አይቻልም፤ ሲጫወት ሰፈሩ ሁሉ ይሰማዋላ። ሁለት ቀን ትራስ ነክሼ ከረምኩ፤ ሲመለስ መርፌው ደንዟል። ቀጥሎ የዕድር ዳኛው። ቀጥሎ የወጣት ማኅበሩ። ቡፌው ቢሆን ኖሮ ማን ይሸከመው ነበር? እኔን ሊሸፍን የተገዛው ዕቃ ሰውን ሁሉ ወደ በራችን ጠራው።

ጥር ላይ የቶሎሳ ልጅ ሰማንያ ቀኗ ደረሰና ቁስቋም ማርያም ክርስትና ተነሣች። ሚስቱ ደራርቱ፣ የክርስትና እናት ካንቺ በቀር አልፈልግም ብላ አክስቴን ያዘቻት። ግብዣው እነሱ ቤት ነው። ማጫወቻውም እዚያው ሄደ፤ የክርስትና እናት እንዴት ትከለክላለች? እኔ ጓዳዬ ውስጥ ጋቢ ተከናንቤ፣ ግድግዳው ማዶ ያለውን ሳቅና የሳህን ድምፅ እሰማለሁ።

ከምሳ በኋላ እንግዳው ሁሉ አፀደ ታስጀምርልን፣ ባለቤቷ እሷ ናት እያለ አጨበጨበ። እናቴ፣ አክስቴ ያንን ዕቃ በእጇ ነክታው አታውቅም! መርጠን፣ ጠይቀን፣ መርፌ መርምረን ገዝተን፣ እሷ እንድትማር ግን አንድም ቀን አላሰብንም። የሚያጫውተው እኔ ነበርኩ። መርፌው ወድቆ ሸክላውን ጭርርር ሲያደርገው ሰማሁ። ሰዉ ሳቀ። ደገመችው፤ አሁንም ጭርርር። ሳቁ ቀነሰ። ወይዘሮ የሺ በዚያ በቀጭኑ ድምጿ፣ «ኧረ አፀደ፣ ይህን ሁሉ ወር ታዲያ ማን ነው የሚያጫውትልሽ?» አለቻት።

ሳሌ ጉሮሮዬ ላይ መጣ። ጋቢውን አፌ ውስጥ ጠቀጠቅኩት። አለቀልን አልኩ፤ አክስቴን እጇን የፊጥኝ አስረው ሲወስዷት ታየኝ። ያን ጊዜ ቶሎሳ፣ «እኔ ነኝ። ከጥበቃ ተራዬ ስመለስ ጎራ እያልኩ የማጫውትላቸው እኔ ነኝ» አለ። ተነሥቶም መርፌውን አስቀመጠ። ፍጥነቱን ግን ስቶ ኖሮ፣ ያ ወፍራም ሱዳናዊ እንደ ሕፃን ጮኸ። ሰዉ በሳቅ ፈረሰ፤ ቶሎሳም ዛሬ የሕፃን ቀን ነው ብሎ ቀለደ። ዕቃውን እሱም ያን ቀን ገና መንካቱ ነበር።

ደራርቱ በኋላ ለአክስቴ በጆሮዋ ነገረቻት። አራስ ሆና በዚያ ግድግዳ ሥር ስትተኛ፣ ከሙዚቃው ሥር የወንድ ሳል ትሰማ ነበር። ለባሏም ያኔውኑ ነግራው ነበር። ስሙን የቀበሌው ሰዎች የሚፈሩት ቶሎሳ፣ ያን ሁሉ ጊዜ እያወቀ ዝም ብሏል።

አንዴ የተነገረ ውሸት ደግሞ እውነት መምሰል አለበት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቶሎሳ ማታ ማታ እየመጣ ጠመንጃውን በሩ ጋ ያስደግፍና ማጫወቻው ፊት ይቀመጣል። መጀመሪያ ሁለት ሸክላ አበላሸ። እኔ በስንጥቁ ለአክስቴ እነግራታለሁ፣ እሷ ለእሱ ትነግረዋለች። አንድ ማታ ግን ፊቱን ወደ ቁም ሳጥኑ ሳያዞር፣ ክንዱን ከፍ አድርጎ እንደያዘ፣ «እንዲህ ነው?» አለ። «ትንሽ ወደ ውጭ» አልኩት። ከአክስቴ ሌላ ሰው ሲያነጋግረኝ የመጀመሪያው ነበር፤ ድምፄ ለራሴ እንግዳ ሆነብኝ። ከዚያ ወዲህ እናወራለን፤ ስለ ሸክላ ብቻ። ስሜን አልጠየቀኝም። ለምን እንዲህ እንዳደረገልኝም አልጠየቅኩትም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ቀበሌው ለዚህ ዙር ከሚልካቸው አንድ ሰው ጎደለው። የጎደለው ማን እንደሆነ እኔና አንቺ እናውቃለን። ሊቀመንበሩ፣ የጠፉትን ፈልጎ ማምጣት ያልቻለ ጠባቂ ራሱ ይሙላው ብሎ የቶሎሳን ስም አስገባ። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ። የሚሄዱት ማክሰኞ ነው። ቶሎሳ ለእኛ አንዲት ቃል አልተነፈሰም። ትናንት እንደወትሮው መጥቶ ተቀመጠ፣ መርፌውን ሳያጭር አወረደ፣ ሲያልቅም ገለበጠ። የሰማሁት ከደራርቱ ነው፤ ሌሊቱን በግድግዳው ማዶ ስታለቅስ። ሕፃኗም አብራት ታለቅስ ነበር። እኔ እዚህ ማዶ ተቀምጬ ሳሌን አፍኜ እሰማለሁ።

እናቴ፣ በስብሐት መኪና ወደ አንቺ፣ ከዚያም በመተማ በኩል ወደ ሱዳን እንድወጣ የደከምሽውን ድካም አውቃለሁ። ጥጃሽን ሸጠሽ ነው፤ አትንገረው ብትይውም ስብሐት ነገረኝ። ይቅርታ አድርጊልኝ፤ ያ መንገድ ይቅር። አንድ አደራ ግን አለኝ፣ ይህን ብቻ አትርሺ። ማንም መጥቶ ቢጠይቅሽ፣ ልጄ ታሞብኝ እስካሁን እኔ ዘንድ ነበር፣ እሑድ በስብሐት መኪና ወደ አዲስ አበባ ተመለሰ በዪ። አክስቴ ያኔ ከተናገረችው ጋር ይገጥማል፣ ስብሐትም እንዲሁ ይላል። ቃላችሁ አንድ ይሁን።

ለቶሎሳ አልነገርኩትም፤ ቢያውቅ አይለቀኝም። አክስቴም አታውቅም። በዚህ ሳምንት መርፌ አያያዝ፣ ፍጥነት መለወጥ፣ ሸክላ በጠርዙ መያዝ አስተማርኳት፤ ሳሉ ጠንቶብኝ እጄ ስለደከመ መስሏታል። ነጭ ሸሚዜን እጠቢልኝ ስላት ለኪዳነ ምሕረት ንጹሕ መልበስ አምሮት ነው ብላ አጠበችልኝ፤ ተኮሰችውም። ጸጉሬንም በመቀስ ቆረጠችልኝ።

ስለ ሳሌ አትጨነቂ። ሁልጊዜ ደረቅ አየር ነው የሚሻልህ ትይኝ አልነበር? የሚልኩን ወደ ከረን በኩል ነው፤ አገሩ ደረቅና ፀሐያም ነው ይላሉ። ከሁሉም በላይ ቀጥ ብዬ መቆም ናፍቆኛል፣ በቀን ብርሃን።

ለሰኔ ማርያም እህትሽን ልትጠይቂ ስትመጪ፣ ቶሎሳ ማታ ቤቱ ስለሚሆን ጥሪውና የህንዷን ሸክላ ያጫውትልሽ። ልጅቷንም ሳሚያት፤ ክብድ ያለች ናት ይላሉ፣ እኔ ድምጿን እንጂ አላየኋት። አክስቴን ምን ብትልሽ አትቆጪያት። የቁስቋሟ እመቤት ጉልበትሽን ታጽናልሽ፣ ዕድሜሽን ታርዝምልኝ። ጉልበትሽን ሳልስም ልሄድ ነውና፣ ሰኞ ጠዋት በሦስት ሰዓት ወደ ምሥራቅ ዞረሽ መርቂኝ። ያን ሰዓት ቀበሌው ይከፈታል።

ልጅሽ