ጀሪካኑን ግማሽ ሞልቼዋለሁ

ሰልሰቢል፣

ወደ ዳባት የሚሄደውን ሚኒባስ ልይዝ ነው። ያልቀሰቀስኩሽ መሰናበት ስለማልችልበት ነው።

ጀሪካኑን ግማሽ ብቻ ሞልቼዋለሁ፤ ለትከሻሽ አይከብድም። ሲጠዘጥዝሽ ፎጣ በሙቅ ውኃ ነክረሽ ጨምቂና ጣል አድርጊበት። ወጌሻው ዘንድ አትመለሺ፤ እሽቱ አባብሶብሻል። ክንድሽን በየቀኑ ትንሽ ትንሽ አሠሪው፤ ቢያምሽም አትፍሪ።

ይህን የጎንደሯ ፊዚዮቴራፒስት ዓምና ነግራን ነበር። እኔ ግን "አንቺ ተኚ፣ እኔ አለሁልሽ" እያልኩ ዓመት ሙሉ አስተኛሁሽ።
ይቅርታ።

ትናንት ጀሪካኑን ስቀማሽ "አንቺ እያለሽ አልድንም" አልሽኝ።
አልተቀየምኩም።
ልክ ነሽ፤ የምሄደውም ለዚሁ ነው።

ክንድሽ ወደ ላይ እስኪነሣልሽ ድረስ ፀጉርሽን ማን እንደሚሠራልሽ ግን አላውቅም።

ስጦታ