ሙላት ቻይና ሊሄድ ነው

ሰኞ
ለባሕር ዳር ሕዝብ በሙሉ፣ ለዘጌና ለአካባቢው ጭምር፦ እጅግ ከባድ ዜና ደርሶናል። ሙላት ቻይና ሊሄድ ነው። አዎ፣ ያ የጀልባ ሞተር ማስነሳት እኔ ያስተማርሁት ሙላት። የእምቦጭ ማጨጃ ማሽን ሥልጠና፣ ሁለት ወር፣ በአውሮፕላን። ስምንተኛ ክፍልን እንኳ አብረን ነው የወደቅነው።

ጣና አንድ፣ እምቦጩም አንድ። ልዩነቱ እሱ የቻይና አጥኚዎችን በጀልባ ያመላልሳል፣ እኔ የፈረንጆቹን። መንግሥታታቸው ስለተኳረፉ ሁለቱ ቡድኖች ስለ አረሙ የለኩትን አይለዋወጡም። የኔዎቹን ስለ ሥልጠና ብጠይቃቸው «በጀቱ እየታየ ነው» አሉኝ። ኮፍያ ግን ሰጥተውኛል፣ የአገራቸው ባንዲራ ያለበት።

ማክሰኞ
እንደ ልማዳችን ምሳ ከአንድ ሳህን በላን። ሙላት በቻይንኛ ሰላም አለኝ። ሽሮው አነቀኝ።
«በዚያው ትቀራለህ አንተ» አልሁት።
«አንተንም በሻንጣ እወስድሃለሁ፣ ትገባለህ።»
ኮፍያዬን ደፋሁለትና በራሱ ስልክ ፎቶ አነሣሁት። ጥርሱ ሁሉ ወጥቷል። እጁን ሊታጠብ ሲሄድ ለቻይናዎቹ የሥራ ግሩፕ ላክሁት። ከሥሩም «ከዛሬ ጀምሮ የፈረንጆቹ ሠራተኛ ነኝ» ብዬ ጻፍሁ።
እስከ ማታ ብቻዬን ሳቅሁ።

ረቡዕ
ሙላት ተጠራ። ነገ ጠዋት ዶክተር አልማዝ ቢሮ። ከቻይናዎቹ ጋር የሚሠሩት፣ ሠልጣኙንም የመረጡት እሳቸው ናቸው።
«ደሴ፣ ምን አድርጌህ ነው?» አለኝ። አልተሳደበም። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ፓስፖርቱን በፌስታል ጠቅልሎ ይዞት ይዞራል። እናቱ የመንገድ ዳቦ ቆሎ ጀምረዋል።
እንዲቀር ፈልጌ ነበር? እውነቱን ልጻፍ። ትንሽ፣ አዎ።

ሐሙስ
ቀድሜው ገባሁ። «ዶክተር፣ ፎቶውን የላክሁት እኔ ነኝ። ቀንቼ ነው።»
አጠገባቸው የቻይናው ኢንጂነር ተቀምጧል፣ አፍንጫው በሐይቁ ፀሐይ ተልጦ። ተረጎሙለት። ረጅም ነገር ተናገረ።
«ምን አሉ?»
«እንዲህ ያለ ኮፍያ ሌላ ይገኛል ወይ ነው የሚለው። የእሱን ነፋስ ሐይቅ ከቶበታል።»
ሙላትን የጠሩት ለካ የቪዛ ፎቶው ላይ ጆሮው ስላልታየ ሌላ እንዲያመጣ ነው።
«የተኳረፉት የላይኞቹ ናቸው» አሉኝ ዶክተር። «ወረቀት አትስጡ ተባልን እንጂ ሻይማ አብረን እንጠጣለን። አንተ ግን ሁለተኛ የሰው ስልክ እንዳትነካ።»
ኮፍያዬን ለኢንጂነሩ ሰጠሁት። ባንዲራው እንዳይታይ ወደ ውስጥ ገልብጦ አጠለቀው።

ሙላት በሚቀጥለው ሳምንት ይሄዳል። አሁንም እቀናለሁ፣ ግን ዛሬ እንቅልፍ ይወስደኛል። ሁለት መንግሥት ያጣላሁ መስሎኝ ነበር። የጎደለው አንድ ኮፍያ ነው። እሱም ትንሽ ይጠበኝ ነበር።