ጠርሙስ ላይ የምትስቀው እናቴ

ማክሰኞ፣ ኅዳር 9
ከት/ቤት ወጣሁ። ሳሙና ልገዛ እዚሁ ሶዶ፣ ሰፈሬ ካለው ሱቅ ጎራ አልኩ። ባለሱቁ መልስ ሲቆጥር ዓይኔ መደርደሪያው ላይ አረፈ። እማዬ። የበርበሬ ዳጣ የሞላበት ጠርሙስ ላይ፣ ነጠላዋ ከትከሻዋ ሸርተት ብሎ፣ ትስቃለች። ከሞተች ሁለት ዓመት አለፈ። ባለሱቁ የዘረጋልኝን መልስ ሳልቀበል ቀረሁ። ምን ሆንሽ አለኝ። ምንም። አንድ ጠርሙስ ገዛሁ። ሳሙናውን ረስቼው መጣሁ።

ረቡዕ ማለዳ
ጠርሙሱ አንቺው አጠገብ ነው፣ ማስታወሻዬ። «የእማማ ወርቄ ዳጣ። በእናት እጅ፣ በድንጋይ ወፍጮ የተፈጨ፣ መቶ በመቶ ተፈጥሯዊ» ይላል። ወርቄ ማን ናት? የእናቴ ስም ማርታ ነው። ዳጣ ሸጣም አታውቅ፤ የምትፈጨው ለእኛ ብቻ ነበር። ከጀርባው በደቃቅ ፊደል፦ ኮምጣጤ፣ የምግብ ቀለም፣ ማቆያ። ይህን አንብቤም ቀመስኩት። ለምን እንደሆነ ታውቂያለሽ። በሶብላ የለው፣ ጤና አዳም የለው። አለቀስኩ። አቃጥሎኝ አይደለም።

ዓርብ
በዴሳ ከተማ ላለው ታናሽ ወንድሜ ለጴጥሮስ ደወልኩ። ትዝ አለው። ሳትታመም በፊት ካሜራ የያዙ ሰዎች ገበያ ውስጥ ፎቶ አንስተዋት ነበር፤ እየሳቀች ነግራዋለች። ለሽያጭ ነው ያላት የለም። ይናደዳል ብዬ ጠብቄ ነበር። እሱ ግን አንድ ጠርሙስ ላኪልኝ አለ። እሱም እንደ እኔው። ቤት ያሉን ፎቶዎች፣ የመታወቂያውም የሠርጉም የቤ/ክርስቲያኑም፣ ፊቷን ቋጥራ የተነሳቻቸው ናቸው። የምትስቅበት አንድም የለንም።

ሰኞ፣ ከሰዓት
አረካ ደርሼ መጣሁ። ጠርሙሱ ላይ ባለው አድራሻ፣ ዳጣውን የሚያመርተው ድርጅት እዚያ ነው። ግቢው ውስጥ የድንጋይ ወፍጮ የለ፣ እናት የለች፤ ማሽን ይጮኻል። ሥራ አስኪያጁ ወጣት ነው፣ ሰው አክባሪ። ወንበር ሰጠኝ፣ እህቴ አለኝ። ጠርሙሱን አሳይቼ፣ ይህች እናቴ ናት አልኩት። «በእናት እጅ» የሚለው አገላለጽ ብቻ ነው፣ ገዢውም ይገባዋል አለ።
«ገዢዋ እኔ ነኝ» አልኩት። «የእናቴ እጅ አፈር ውስጥ ነው።»
ከዚያ ኮምፒውተሩን አዞረልኝ። ሙሉው ፎቶ! ጠርሙሱ ላይ ያለው ከደረቷ በላይ ብቻ ነው። እዚህ እጆቿም አሉ። ዝንጅብል ይዛለች። ለእኛ ዳጣ የገዛችው ይሆናል። ፊቷን እንዲጠቀሙበት ከፈረምኩ ፎቶውን ይሰጠኛል። ካልፈረምኩ ግን የድርጅቱ ንብረት ነው፣ አይሰጥም አለ። እስከ ሐሙስ ላስብበት አልኩት።

ማክሰኞ
ሱቁ ጋ ቆሜ እማዬን አየኋት። የፈራሁት መጣ፤ ልፈርም ነው። በየሱቁ ትሳቅ፣ ምን አለበት? አንዲት ሴት ገብታ ጠርሙሱን አነሳች። ፎቶውን አየት አድርጋ፣ «እኚህ እናት አያታልሉም» አለችው ባለሱቁን። ከፍላ ሄደች። ልከተላት አሰብኩ። ምን ልላት?

ሐሙስ ጠዋት
ጴጥሮስ ፈርሚ ይላል፤ ፎቶው ይምጣ። እኔስ አልፈልግም? ሌሊት በሕልሜ የማየው ፎቶውን ነው። ግን ሰው የሚያምነው ድርጅቱን አይደለም፣ እሷን ነው። እሷ ደግሞ መልስ መስጠት አትችልም። አልፈርምም። ለሥራ አስኪያጁ ደውዬ ነገርኩት። አቤቱታዬን ዛሬ ለንግድ መ/ቤት አስገባለሁ አልኩት። ፎቶውን እንዲሁ እንዲሰጠኝም ለመንኩት። እናያለን አለ። አይሰጠኝም መሰለኝ።
ስለዚህ አንቺ ያዢልኝ፣ ሳይጠፋብኝ። በቀኝ እጇ ዝንጅብሉን ይዛለች። ግራዋን ወደ አፏ ልታነሳ ጀምራለች፣ ገና ከደረቷ በታች ነው፣ ስትስቅ ጥርሷን እንደምትሸፍነው። ጣቶቿ ላይ አፈር አለ። አውራ ጣቷ… አውራ ጣቷ ጠፋብኝ።