ያላዘዝሁት ይቅርታ

ይድረስ ለክቡር አባ፣ የካቶሊክ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ ርእሰ መምህር፤
ግልባጭ፦ ለባዮሎጂ መምህርቷ ለተከበሩት ሲስተር፤ እንዲሁም ለሚያነብ ሁሉ።

ክቡር አባ፣ በድለውኛል። ያልተቀየምሁትን ተቀይሟል ብለው፣ ያልጠየቅሁትን ይቅርታ በስሜ ጠይቀው፣ የልጅ ልጄን በእኔ ምክንያት ሊቀጧት ነው። ሰላምታ መቅደም እንዳለበት ጠፍቶኝ አይደለም፤ ሥራ የሚበዛብዎ ሰው ስለሆኑ፣ ከመጀመሪያው መስመር አልፈው ባያነቡ እንኳ ዋናው ነገር እንዳያመልጥዎ ብዬ ነው።

አሁን ወደ ሰላምታው። ጤናዎ እንዴት ነው? ወገብዎ፣ ጉልበትዎ፣ ከሁሉም በላይ ዓይንዎ እንዴት ሰነበተ? ስለ ዓይንዎ አጥብቄ የምጠይቀው፣ ትምህርት ቤትዎ በራሱ ማኅተም ያወጣውን ደንብ ማንበብ እንደተሳነዎ ስለተረዳሁና ስላሳሰበኝ ነው። እግዚአብሔር ብርሃኑን ይጨምርልዎ።

እኔ ከትምህርት ቤቱ ጀርባ ባለው መንገድ፣ ከጫማ ጠጋኙ ጎን ያለው የልብስ ስፌት ቤት ባለቤት ነኝ። የካህናቱን ካፖርት ገልብጬ የሰፋሁ፣ የተማሪዎቻችሁንም ሱሪ በየዓመቱ ያስረዘምሁ ሰው ነኝና ጨርሶ አያጡኝም። ትምህርት ቤት ገብቼ አላውቅም። ማንበብ የለመድሁት ደንበኞቼ ጨርቅ ጠቅልለው በሚያመጡበት ጋዜጣ ነው፤ ከዚያ ወዲህ ገባኝም አልገባኝ ሳላነብ ያሳለፍሁት ወረቀት የለም። ልጄ የሆስፒታል ነርስ ናት፤ ፈረቃዋ ከእናንተ ሰዓት ጋር አይገጥምምና በአሥራ አንደኛ ክፍሏ ልጇ ጉዳይ የወላጅ ፊርማ የምፈርመው እኔ ነኝ።

በዓመቱ መጀመሪያ ልጅቷ «ከባዮሎጂ ተማሪዎች የሚጠበቁ» የሚል ወረቀት ይዛልኝ መጣች። ሌላው ወላጅ ግርጌው ላይ ፈርሞ እንደሚመልሰው አውቃለሁ። እኔ ግን መነጽሬን አድርጌ ከላይ እስከ ታች አነበብሁት። ነጩ ካፖርት ይታጠብ ይላል፤ ጸጉር ይታሰር ይላል፤ በቤተ ሙከራ ውስጥ ምንም አይበላ ይላል። ሕይወት የእግዚአብሔር ስጦታ ናትና እንቁራሪት ከመከፈቷ በፊት ጸሎት ይደረግ ይላል። ተማሪ በዓይኑ ያየውን ብቻ ይጻፍ፣ መምህሩን ደስ የሚያሰኘውን አይጻፍ ይላል። ቀጥሎም፣ በምልከታ ወረቀት ላይ የተሳሳተ ነገር አይፋቅም፣ በነጭ ማጥፊያም አይሸፈንም፤ እንዲነበብ ሆኖ በአንድ መስመር ይሰረዛል ይላል። ይህችን የመጨረሻዋን ደግሜ አነበብኋት። በእኛም ሙያ የተሳሳተ ስፌት ሲፈታ የመርፌው ቀዳዳ ጨርቁ ላይ ይቀራል፤ ቀዳዳውን ደብቆ አዲስ ነው ብሎ የሚሸጥ ሰፊ ሌባ ነው። እንዲህ ያለ ደንብ ያወጣ ትምህርት ቤት ልጅ ያስተምራል ብዬ በደስታ ፈረምሁ። ልጅቷንም አስቀምጬ፣ የተፈረመ ነገር የተፈረመ ነው፣ አንዲት ነጥብ ብትዘልዪ ከእኔ ጋር ነው ጉዳይሽ አልኋት። ጥፋት ካለ እንግዲህ ከዚያ ይጀምራል።

ከዚያ ሲስተር፣ ተማሪው ሁሉ በቤቱ ያለ አንድ ሕያው ነገር መርጦ መንፈቅ ዓመቱን ሙሉ እንዲከታተል አዘዙ። አንዱ ድመት መረጠ። አንዷ በጣሳ የተተከለ ቁልቋል መረጠች። የእኔዋ እኔን መረጠች።

ይህን ያወቅሁት ከእሷ አይደለም፤ በወላጆች ቀን ከኮሪደራችሁ ግድግዳ ነው። ካፖርቴን ለብሼ፣ ጫማዬን አስጠርጌ ብሄድ፣ በድመቷና በቁልቋሉ መካከል ተለጥፌ አገኘሁት። ከብዙው በጥቂቱ እንዲህ ይል ነበር፦ «መኖሪያ፦ ከመስኮቱ አጠገብ ያለው ወንበር። ሌላ ሰው ከተቀመጠበት ያጉረመርማሉ፤ ካልተነሣላቸው እስኪነሣ ቆመው ይጠብቃሉ። ምግብ፦ ጨው አንሶታል የሚሉት ከመቅመሳቸው በፊት ነው። ድምፅ፦ ወደ ክፍል ከመግባታቸው በፊት ይስላሉ፤ ሳቅ እንዲቆም ነው። ምላሽ፦ ተሳስተዋል ሲባሉ ጆሯቸው ይቀላል፣ አፋቸው ግን አያምንም። መራባት፦ ጠየቅኋቸው፤ ከክፍሉ አስወጡኝ። እናቴ ግን ማስረጃ ናት።»

ከኋላዬ የቆሙት ወላጆች ይስቁ ነበር። አንዲት እናት እንዲያውም ባሏን በክርኗ ጎሰም አድርጋ፣ ይህ ያንተ አባት ነው እንዴ ስትለው ሰማሁ። ተናድጄ ወጣሁ። ከልጅቷም ጋር ለቀናት ሳልነጋገር ቆየሁ። ይህ የቤታችን ጉዳይ ነበር፤ በቤታችን መኮራረፍ ደግሞ የተለመደና ለጤና የሚስማማ ነገር ነው። በዚህ መሐል እርስዎ ገቡበት።

ቢሮዎ አስጠሩኝ። ለስላሳ ወንበር ተሰጠኝ፤ ሳልጠይቅ በብርጭቆ ውሃ ቀረበልኝ፤ ሲስተር እጃቸውን እጅጌያቸው ውስጥ አስገብተው አንገታቸውን ሰበሩ። እርስዎም ሐኪም ተስፋ የቆረጠበትን ሰው በሚያናግሩበት ድምፅ፣ «አይዞዎት አባባ፣ ክብርዎን አስጠብቀናል» አሉኝ። ከግድግዳው የወረደውን ወረቀት አሳዩኝ፤ ሁለት ቦታ ላይ ነጭ ማጥፊያ ተቀብቷል። ልጅቷም ለሽማግሌ ክብር ባለመስጠቷ ሰኞ ጠዋት በሰልፍ ፊት የይቅርታ ጽሑፍ እንደምታነብ፣ እምቢ ካለች ግን ከተፈጥሮ ሳይንስ ክፍል እንደምትወጣ ነገሩኝ። ተነሥቼ እጅ ነሥቼ ወጣሁ። እጅ መንሣቴን እንደ ምስጋና ስለቆጠሩት፣ ቅሬታዬን ተራ በተራ ለማቅረብ ተገድጃለሁ።

አንደኛ፦ ሰው ሳይለካ ልብስ አይሰፋለትም። እርስዎ ግን ተቀይመሃል ወይ ብለው ሳይጠይቁኝ፣ በቁመቴም በወርዴም የማይሆን ይቅርታ ሰፍተው አለበሱኝ። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ የሚባለው ይህ ነው። ቅያሜዬ የራሴ ነው፤ ከልጅ ልጄ ጋር የምጨርሰውም እኔ ራሴ ነኝ። ለድካምዎ ግን አመሰግናለሁ።

ሁለተኛ፦ ስለ አክብሮት። ከልብስ ሰፊነት በላይ ባላውቅም፣ ግድግዳው ላይ ያለውን ሁሉ አንብቤያለሁ። ድመቷ «እሷ» ተብላለች፤ ቁልቋሉም «እሱ» ተብሏል። አንቱ የተባልሁት እኔ ብቻ ነኝ። ከተሰቀሉት ሕያዋን ሁሉ በክብር የተያዘውን መርጣችሁ ያወረዳችሁበት ምክንያት ለሊቃውንት እንጂ ለእኔ አይገባኝም።

ሦስተኛ፦ እንቁራሪቷ ስትከፈት ጸሎት ተደርጎላታል፤ ልጅቷ ነግራኛለች፣ ሲስተር ዓይናቸው እንባ አቅርሮ ነበር አሉ። እኔ ስወርድ አንድ «አባታችን ሆይ» እንኳ አልተባለልኝም። ቅናት አይደለም፤ ለመዝገብ ያህል ነው።

አራተኛ፦ በነጭ ማጥፊያ ስለተሸፈኑት ሁለት ቦታዎች። አንደኛው ስለ መራባት የሚለው ነው። እሱን ስለ ሲስተር ሲባል ብተወው ደስ ባለኝ፤ ነገር ግን ነርሷ ልጄ በዚህ ዓለም መኖሯን በቀለም መሸፈን ስለማይቻል አልተወውም። ወደ ሁለተኛው እመጣለሁ። አስቀድሜ ግን ይህን ልጠይቅ፦ ነጭ ማጥፊያ አይፈቀድም ብላችሁ ያስፈረማችሁኝ እናንተ፣ ማጥፊያውን ያመጣችሁት ከየት ነው? ከተማሪ የሚጠበቅ ነገር ከመምህር የማይጠበቅ ከሆነ፣ ርእሱ ላይ ቢገለጽ ፊርማዬን እቆጥብ ነበር። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንዲሉ፣ የእኔን ክብር ሊያነሡ ሲንጠራሩ ደንብዎ ከብብትዎ ወድቋል።

አምስተኛ፦ ልጅቷ። ከቢሮዎ ተመልሼ ቅያሜዬን ለጊዜው ከበር ላይ አስቀምጬ ጠየቅኋት። ይቅርታውን ለምን አታነቢም፣ ሁለት መስመር ነው፣ አንብበሽ ክፍልሽ አትገቢም ወይ አልኋት። ሐኪም መሆን እንደምትፈልግ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል፤ ከዚያ ክፍል ከወጣች ያ ነገር አበቃ። ቀና ብላ አየችኝና፣ «አባባ፣ ፈርመው የለም እንዴ? ያየሁትን ነው የጻፍኩት። ያላደረጉት ነገር ካለበት ያሳዩኝና በአንድ መስመር እሰርዘዋለሁ» አለችኝ።

ጆሮዬ ቀላ። ቀጥሎ ያደረግሁትን አልነግርዎትም፤ ወረቀቱን ግን መስመር በመስመር በልቤ አስታወስሁት። ጨው ከመቅመሴ በፊት አንሶታል ማለቴ እውነት ነው፤ ብዙውን ጊዜ ያንሳል። ወንበሩ የእኔ መሆኑም እውነት ነው። ሌሊት አንኮራፋለሁ የሚለውን ግን አልቀበልም፤ ተኝቼ ስለነበር ምስክር ሆኜ ባልቆምም አልቀበልም።

አሁን ወደ ተሸፈነው። እኔ በወላጆች ቀን ከመሸፈኑ በፊት አንብቤዋለሁ፤ የተናደድሁትም በሳቁ አልነበረም፣ በእሱ ነበር። እንዲህ ይላል፦ «ቀኝ እጃቸው ይንቀጠቀጣል። መርፌ ቀዳዳ ውስጥ ክር ማስገባት አይችሉም። ከትምህርት ቤት እስክመጣ ጠብቀው፣ የዛሬ ክር ጥሩ አይደለም፣ እስቲ አንቺ ሞክሪው ይሉኛል። ክሩ ግን ሁልጊዜ ያው ክር ነው።»

ክቡር አባ፣ እርስዎ በነጭ ቀለም የሸፈኑት ይህንን ነው። ሽማግሌው እንዳያፍር ብለው ነው፤ ገብቶኛል። እኔም ስሸፍነው ቆይቻለሁ። ሰው ሲመጣ እጄን ኪሴ ውስጥ እከታለሁ። ልጄ ነርስ ናትና ካወቀች የስፌት መኪናዬን ሸጣ ወንበር ላይ ታስቀምጠኛለች ብዬ፣ ከእሷ ጋር ስሆን ጽዋም አልይዝም፣ በግራ እጄ ሰላም እላለሁ። ነርሷ አላየችም። ደንበኞቼ አላዩም። ጫማ ጠጋኙ ቀኑን ሙሉ ከጎኔ ተቀምጦ አላየም። አንዲት የአሥራ አንደኛ ክፍል ልጅ በዓይንሽ ያየሽውን ጻፊ ስለተባለች አየች። ይህ ንቀት ከሆነ እንግዲህ የባዮሎጂ ትምህርት ሁሉ ንቀት ነውና ቤተ ሙከራውን ዘግታችሁ ጸሎት ቤት አድርጉት።

ስለዚህ ይኸው ራሴ ጻፍሁት፦ እጄ ይንቀጠቀጣል። መርፌ ላይ ክር ማስገባት አልችልም። ክሩ ምንም ጥፋት የለበትም። ይህ ደብዳቤ በስፌት ቤቴ መስኮት ላይ፣ በጫማ ጠጋኙ ሳጥን ላይና በትምህርት ቤቱ በር ላይ ይለጠፋል፤ ለልጄም አንድ ቅጂ ከምሳ ዕቃዋ ጋር አስቀምጫለሁ። እንግዲህ የሚጠብቁት ክብር፣ የሚሸፍኑት ምሥጢር አልቀረዎትም። የልጅቷ ጥፋት የተባለውን እኔ በአደባባይ ደግሜዋለሁና፣ ከክፍል የምትወጣ ከሆነ አብረን እንወጣለን።

የምጠይቅዎ ጥቂት ነው። ወረቀቱ ወደ ግድግዳው ይመለስ፤ ከድመቷና ከቁልቋሉ መካከል፣ ቦታውን ለምጄዋለሁ። ነጩ ቀለም ተፍቆ ይወገድ። ደንቡን የጣሰው እጅ የማን እንደሆነ አልጠይቅም፤ ማጥፊያው ግን ከሲስተር መሳቢያ ይውጣ። ሰኞ በሰልፍ ላይ ልጅቷ ይቅርታ እንድታነብ ከተገደደች፣ እኔ ካፖርቴን ለብሼ ከተማሪዎቹ ፊት እቆማለሁ፤ ይቅርታውም ለእኔ ስለሚቀርብ፣ ጮክ ብዬ አልቀበልም እላለሁ። አንድ ጊዜ አልቀበልም ካልሁ እንደማልመለስ የሰፈሩን ሰው መጠየቅ ይችላሉ።

ስለ ለስላሳው ወንበር፣ ስለ ውሃው፣ አይዞዎት ስላሉኝም ከልብ አመሰግናለሁ። ከእናንተ ዘንድ እስክመጣ ድረስ የሚያሳዝን ሰው መሆኔን አላውቅም ነበር።

የትምህርት ቤቱን ደንብ እስከ ግርጌው አንብቦ የፈረመው፣ በፊርማውም የጸናው፣ ሲናገር የሚስለው፣ ሲሳሳት የማያምነው፣ ለክቡርነትዎ ረጅም ዕድሜና ጥሩ መነጽር አዘውትሮ የሚመኘው፣
ልብስ ሰፊው አያት

ተጨማሪ፦ ለሁለተኛው መንፈቅ ዓመት ተማሪው ሌላ ሕያው ነገር እንዲመርጥ ተነግሯል። ልጅቷ ምን ልምረጥ ብላ ብታማክረኝ፣ ሩቅ አትሂጂ፣ በየጠዋቱ በኮሪደራችሁ የሚመላለስ፣ ሊቀጣ ሲል ድምፁ የሚለሰልስ፣ ሲጠየቅ ወደ ቢሮው የሚገባ አንድ ፍጡር አለ አልኋት። አንገቷን ነቀነቀች፤ እርሳሷንም ቀርጻለች። ስለ ወረቀቱና ስለ እጄ ግን ማንም ሰው፣ እርስዎም ቢሆኑ፣ ልጄም ብትሆን፣ በመንገድም ሆነ በቤቴ እንዳይጠይቀኝ። የምለውን ብያለሁ፤ ከዚህ በኋላ ስለዚህ ነገር ከአፌ አንዲት ቃል አትወጣም።